ናፍጣ ላይ ዘይት መጨመር ፖምፓውን ያድነዋል? ለቡና ጫኞችና ለመፈልፈያ ጣቢያዎች

ዛሬ ከኒውዮርክ ዋጋ ትንሽ ወረድ ብለን፣ ቡናውን ከቦንጋ አውጥቶ አዲስ አበባ ስለሚያደርሰው ናፍጣ እናውራ። በውስጥ መስመር ከሹፌርም፣ ከአቅራቢም፣ ከዩኒየን ሰዎችም የሚደጋገምብን ጥያቄ አለ፤ «የዛሬ ናፍጣ ደረቅ ነው፣ ፖምፓ ይበላል፣ ሲሞላ ትንሽ ዘይት ጣል አድርጉበት ይሉናል። እውነት ነው?»

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦
🔹 «ደረቅ ናፍጣ» የሚባለው ነገር ተረት አይደለም። በዓለም ላይ የታወቀ፣ የሚለካ ችግር ነው።
🔹 ንጹሕ የቱ ስትሮክ ዘይት በመጠኑ ይረዳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን አይረዳም፣ ይጎዳል።
🔹 በኛ አካባቢ ፖምፓ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድርቀት ሳይሆን ውሃ፣ ቆሻሻና ላምባ ነው። ለእነዚህ ደግሞ ዘይት መድኃኒታቸው አይደለም።

ጊዜ ያለው ዝርዝሩን ይከተለን።

◾ ናፍጣ ነዳጅ ብቻ አይደለም

የናፍጣ ሞተር ፖምፓ ውስጥ ያሉት ብረቶች በጣም ተጠጋግተው የሚሠሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በማይክሮን ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው። እነዚያ ብረቶች ሲፋተጉ የሚያለሰልሳቸው ራሱ የሚያልፈው ናፍጣ ነው። ስለዚህ ናፍጣ ሁለት ሥራ አለው፤ ይቃጠላል፣ ከመቃጠሉ በፊት ደግሞ ፖምፓውን ያለሰልሳል።

ይህ የማለስለስ አቅም ከውፍረት ጋር አንድ አይደለም። ናፍጣ በተፈጥሮው ውስጡ ጥቂት ብረት ላይ የሚጣበቁ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ያለባቸው ውሁዶች ናቸው። ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፣ ብረት ከብረት በቀጥታ እንዳይፋቅ ያደርጋሉ።

ችግሩ የመጣው ዓለም ድኝን (ሰልፈርን) ከናፍጣ ማውጣት ሲጀምር ነው። ማጣሪያ ፋብሪካው ድኙን የሚያወጣው ናፍጣውን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር አገናኝቶ ነው። በዚህ ሂደት ድኙ ብቻ አይወጣም፤ እነዚያ የሚያለሰልሱት ውሁዶችም አብረው ይሄዳሉ። ብዙ ሰው «ድኝ ነበር የሚያለሰልሰው» ይላል፤ ትክክል አይደለም። ድኙን ለማውጣት ሲባል አብሮ የጠፋው ነው ጉዳዩ።

ይህንን መጀመሪያ በደንብ ያየችው ስዊድን ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድኙ እጅግ የቀነሰ ናፍጣ ገበያ ላይ ስታወጣ ፖምፓዎች ያለዕድሜያቸው መበላት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ፋብሪካዎች ድኙን ካወጡ በኋላ የሚያለሰልስ ኬሚካል በጥቂቱ መልሰው መጨመር የለመዱት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 15 ፒፒኤም ድኝ ስትወርድ የማለስለስ ደረጃውን ቀድማ አውጥታ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ፣ እንዲሁም ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወደ 50 ፒፒኤም ወርደዋል። አቅጣጫው አንድ ነው፤ ናፍጣ እየጠራ ነው የሚሄደው። እኛ ደግሞ ነዳጃችንን ሁሉ ከውጭ የምናስገባ አገር ነን፤ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው። ዓለም ያጣራውን ነው የምንቀዳው።

◾ እንዴት ይለካል?

መለኪያው ቀላል ነው። 6 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኳስ በብረት ሳህን ላይ፣ በ60 ዲግሪ ሙቀት ናፍጣ ውስጥ ተነክራ፣ ለ75 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ ትፋተጋለች። ሲያበቃ ኳሷ ላይ የቀረው የመፋቅ ጠባሳ በማይክሮስኮፕ ይለካል። ጠባሳው ከሰፋ ናፍጣው ደረቅ ነው፤ ከጠበበ ጥሩ ያለሰልሳል።

▪️ የአውሮፓ ደረጃ፦ ጠባሳው ከ460 ማይክሮን እንዳይበልጥ
▪️ የአሜሪካ ደረጃ፦ ከ520 ማይክሮን እንዳይበልጥ

ልብ በሉ፤ ይህንን በዓይንም በጣትም መለየት አይቻልም። ናፍጣውን በሁለት ጣቱ አሻሽቶ «ይሄ ደረቅ ነው» የሚል ሜካኒክ ስታዩ አክብሩት፣ ግን በዚያ ላይ ተነሥታችሁ ገንዘብ አታውጡ።

◾ ታዲያ ዘይት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ መኪና ባለቤቶች ገንዘብ አዋጥተው፣ ምንም ያልተጨመረበት ናፍጣ ላይ የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀሉ በገለልተኛ ላቦራቶሪ አስለክተው ነበር። ከውጤቱ ለእኛ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፦

▪️ ባዶው ናፍጣ፦ 636 ማይክሮን
▪️ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ 1 ለ200፦ 634
▪️ ንጹሕ የቱ ስትሮክ ዘይት (የጀልባ ሞተር ዓይነቱ)፣ 1 ለ200፦ 474
▪️ ባዮዲዝል 2 በመቶ፦ 221

ሱቅ ከሚሸጡት ጨማሪ ኬሚካሎች ደግሞ ጥሩ የሠሩ አሉ፤ ጠባሳውን ከባዶው ናፍጣ የባሰ ያደረጉም አሉ። ማሸጊያው ላይ «ፖምፓ ይጠብቃል» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም ማለት ነው።

ከዚህ ምን እንረዳለን?

1️⃣ የተቃጠለ ዘይት ከንቱ ነው። 636 እና 634 በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ናቸው። ጥቅሙ ዜሮ ሆኖ ጉዳቱ ግን አለ። ከሞተር የወጣ ዘይት ጥቀርሻ፣ የብረት ብናኝና ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ፊልትሮ ይደፍናል፣ ኖዝል ያበላሻል። «ነጻ ነው» የምትሉት ዘይት የሚያስከፍላችሁ ጋራዥ ስትገቡ ነው።

2️⃣ ንጹሕ የቱ ስትሮክ ዘይት በእርግጥ ይረዳል፤ ተአምር ግን አይሠራም። 474 ላይ አድርሶታል፤ የአሜሪካን ደረጃ ያልፋል፣ የአውሮፓውን ለጥቂት ይስታል። ያ ግን ምንም ያልተጨመረበት፣ በጣም ደረቅ ናፍጣ ላይ ነው። ናፍጣው ከፋብሪካ ሲወጣ 400 ላይ ከነበረ ዘይት መጨመሩ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ምግቡ ጨው ካለው ሌላ ጨው መጨመር አያጣፍጠውም።

3️⃣ ባዮዲዝል አንደኛ ወጣ ማለት የምግብ ዘይት ጨምሩ ማለት አይደለም። ባዮዲዝል በኬሚካል ተለውጦ የተዘጋጀ ነገር ነው። የኑግም ሆነ የፓልም ዘይት በጥሬው ናፍጣ ውስጥ ከገባ ወፍራም ነው፣ ኖዝል ጫፍ ላይ ይጋገራል፣ ቆይቶም እንደ ሙጫ ይይዛል። ይህንን የሞከራችሁ ካላችሁ አቁሙ።

◾ የእናንተ ፖምፓ የትኛው ነው?

ምክሩ ለሁሉም ሞተር አንድ አይደለም።

▪️ ተርታ ፖምፓ ያላቸው የቆዩ የጭነት መኪናዎችና የመፈልፈያ ጣቢያ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተሮች፦ የፖምፓው የታችኛው ክፍል በሞተር ዘይት ይለሰልሳል፤ ናፍጣው የሚያለሰልሰው የላይኛውን ብቻ ነው። እነዚህ ደረቅ ናፍጣን በደንብ ይችላሉ። ለእነሱ ዘይት መጨመር ብዙም ትርፍ የለውም። የሞተር ዘይቱን በጊዜው ቀይሩላቸው፣ በቃ።

▪️ ክብ (ሮታሪ) ፖምፓ ያላቸው፣ ለምሳሌ ባለ አንድ ኤች ዜድ ሞተር ላንድክሩዘርና የቆዩ ሃይሉክስ ፒክአፖች፦ ፖምፓው ሙሉ በሙሉ የሚለሰልሰው በናፍጣ ነው። ደረቅ ናፍጣ ቶሎ የሚጎዳው እነዚህን ነው። የዘይት ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

▪️ ኮመን ሬል የሆኑ አዳዲስ መኪናዎች (ዲ ፎር ዲ እና መሰሎቹ)፦ እነዚህም በናፍጣ ነው የሚለሰልሱት፤ ግፊታቸው ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ የኖዝላቸው ቀዳዳም በጣም ጠባብ ነው። ለዘይት ሙከራ የሚሆኑ አይደሉም። መጨመር ካለባችሁ ለናፍጣ ተብሎ የተሠራና የመኪናው አምራች የሚፈቅደውን ብቻ ተጠቀሙ። ገና ዋስትና ላይ ያለ መኪና ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

◾ ወደ ከፋ እንመለስ፦ ፖምፓ የሚገድለው ምንድን ነው?

እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ። ነዳጅ ማደያ ላይ ሰልፍ ሲረዝም ሰው ናፍጣ በጀሪካን ከመንገድ ይገዛል። ከቦንጋ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨና ወይም ወደ ገዋታ ስትገቡ ደግሞ በርሜል አስቀምጦ መጠቀም ግድ ነው። ናፍጣው ማደያ ላይ ጥሩ ሆኖ እናንተ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር የሚሆነው በዚህ መሀል ነው።

💧 ውሃ። ከፋ ዝናብ የማይጠፋበት አገር ነው። በርሜል ቀጥ ብሎ ውጭ ከቆመ ዝናቡ ክዳኑ ላይ ይጠራቀማል። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት በርሜሉ «ይተነፍሳል»፤ ሲቀዘቅዝ አየሩን ወደ ውስጥ ሲስብ በክዳኑ ጥርስ በኩል ውሃውንም አብሮ ይስባል። ውሃ ፖምፓ ውስጥ ሲገባ ስስ ሽፋኑን ይሰብራል፣ ብረቱን ያዝጋል። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ጀርም ይራባል፤ ፊልትሮ ላይ የምታዩት ጥቁር እንደ ለጋ ጭቃ የሚያዳልጥ ነገር እሱ ነው።

🪨 ቆሻሻ። ከጀሪካን በፌስታልና በቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ የሚገለበጥ ናፍጣ አቧራ ይዞ ይገባል። በማይክሮን ክፍተት ውስጥ አቧራ ማለት ሞረድ ነው።

🛢 ላምባ። ላምባ ከናፍጣ ይቀጥናል፤ የማለስለስ አቅሙም ያነሰ ነው። ከናፍጣ ጋር የተቀላቀለ እንደሆነ ፖምፓው ውስጥ ያፈስሳል፣ ግፊት ይቀንሳል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ በደንብ ይነሣል፣ ጎጀብን ወርዶ ዳገቱን ሲወጣ ጉልበት ያጣል፣ ሙቅ ሆኖ ካቆማችሁት በኋላ አልነሣም ይላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጣው ዋጋ ነጭ ናፍጣም ኬሮሲንም በአዲስ አበባ እኩል 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበሩ። ዋጋቸው እኩል ሲሆን ለመቀላቀል ያለው ፈተና ይቀንሳል። ዋጋቸው በተራራቀ ቁጥር ግን ከመንገድ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ።

አሁን አስቡት፤ ውሃ ያለበት ናፍጣ ላይ ቱ ስትሮክ ዘይት ብትጨምሩ ውሃው የት ይሄዳል? የትም። አቧራውስ? እዚያው ነው። ላምባ ለገባበት ናፍጣ ዘይት ትንሽ ማለስለስ ቢጨምርም የቀጠነውን በ1 ለ200 መልሶ አያወፍረውም። «ዘይት ጨምሬ ዳነልኝ» የሚል ሹፌር ብዙ ጊዜ ያንኑ ቀን ፊልትሮውንም ቀይሮ ነው። የዳነው በየትኛው እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

◾ ሒሳቡ

ቁጥር የማያይ ነጋዴ የለም፤ ስለዚህ እንሥራው። ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ ነው፤ የእናንተን ቁጥር እየተካችሁ አስሉት።

100 ኩንታል የጫነ መኪና፣ ቦንጋ – አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 900 ኪ.ሜ. ገደማ፣ በሊትር 3 ኪ.ሜ. ብንል 300 ሊትር ናፍጣ።

▪️ በ98.98 ብር ሒሳብ ናፍጣው፦ 29,694 ብር
▪️ በኩንታል፦ 297 ብር ገደማ፤ በፈረሱላ (17 ኪሎ)፦ 50 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ
▪️ ዘይት በ1 ለ200፦ 1.5 ሊትር። ሊትሩን 600 ብር ብንወስደው 900 ብር
▪️ ይህ በኩንታል 9 ብር ነው፤ ከናፍጣው ወጪ 3 በመቶ

በአንድ ጉዞ ሲታይ ኢምንት ነው። መኪናው በዓመት 40 ጊዜ ከተመላለሰ ግን 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለፊልትሮ፣ ውሃ ለሚለይ ማጣሪያና ንጹሕ ለሆነ መቅጃ ፖምፓ ቢውል ለሞተሩ የበለጠ ይሠራለታል። ጥያቄያችን «ዘይት ይሠራል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም። «በዚሁ ገንዘብ ከዘይት የተሻለ የሚሠራ አለ ወይ?» ነው መባል ያለበት። አለ።

አሁን የፖምፓ መበላሸትን ዋጋ እዩት። የጥገናው ሒሳብ ትንሹ ነው። ትልቁ መኪናው ቆሞ የሚያልፈው ቀን ነው። 10 ቶን ቡና ወደ 22,046 ፓውንድ ነው። ዋጋችሁ ካልተቆለፈ፣ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ 10 ሳንቲም ወረደ ማለት አንዷ መኪና ላይ 2,200 ዶላር ገደማ ሄደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን በሰበረበት ሰሞን 10 ሳንቲም የአንድ ቀን እንቅስቃሴ ነበር። መውጣትም መውረድም ነበረው፣ ያው ዕድል ነው። ግን መኪናችሁ ጊቤ በረሃ ላይ ቆሞ ዕድል መጠበቅ ንግድ አይደለም።

መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። እሸት ቡና የተለቀመ ዕለት መፈልፈል አለበት። ሞተሩ ማታ ላይ ከቆመ እሸቱ በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ መፍላት ይጀምራል። ጠዋት ሲፈለፈል የተገመተው የታጠበ ቡና ሳይሆን ጣዕሙ የጎመዘዘ ነው የሚወጣው። አርሶ አደሩ በቀይ እሸት ዋጋ ሸጦላችኋል፤ እናንተ ግን በዚያ ደረጃ አትሸጡትም። የአንድ ፊልትሮ ዋጋና የአንድ ሌሊት እሸት ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጡት።

◾ እንግዲህ ምን እናድርግ?

✅ ናፍጣ ከማደያ ቅዱ፤ ደረሰኝ ያዙ። ከመንገድ መግዛት ግድ ከሆነ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለብርሃን አሳዩት። ጥርት ያለና የሚያበራ መሆን አለበት። ከደፈረሰ ውሃ አለው። አንድ ሌሊት ይቀመጥ፤ ውሃውና ዝቃጩ ከታች ይታያል።

✅ በርሜል ጥላ ሥር ይሁን። ጥላ ከሌለ በጎኑ አስተኙት፤ ሁለቱ ክዳኖች በአንድ አግድም መስመር ላይ፣ ከናፍጣው ደረጃ በታች ይሁኑ። አዲስ የሞላችሁትን ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳትነኩት አሳድሩት። ስትቀዱ የመምጠጫው ጫፍ ከበርሜሉ ወለል ከፍ ይበል፤ የታችኛውን ትንሽ ናፍጣ ለሞተር አትስጡት።

✅ መኪናው ሲያድር ታንኩ ሙሉ ይሁን። ባዶ ታንክ ውስጥ ባለው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል።

✅ የውሃ መለያው ያለበትን ፊልትሮ ከታች በኩል በየጊዜው አፍስሱት። በቡና ሰዓት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በየጉዞው ይሁን። አንድ ትርፍ ፊልትሮ መኪናው ላይም መፈልፈያ ጣቢያውም ላይ አይጥፋ።

✅ በጅምላ የምትገዙ ዩኒየኖችና ላኪዎች የጭነቱን የጥራት ሰርተፊኬት ጠይቁ። «ሉብሪሲቲ» የሚለው መስመር ላይ 460 ወይም ከዚያ በታች ከተጻፈ ዘይት ፍለጋ መሄድ አያስፈልጋችሁም።

✅ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ሮታሪ ፖምፓ ያለው የቆየ መኪና ካላችሁና የናፍጣው ምንጭ ካላሳመናችሁ፣ ንጹሕና ያልተከፈተ የቱ ስትሮክ ዘይት በ1 ለ200 ብትጨምሩ ጥፋት የለውም። 200 ሊትር ላይ 1 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ አታብዙ፤ ብዙ ዘይት ጭስና ጥቀርሻ ነው የሚጨምረው። ዘይቱን ቀድማችሁ፣ ናፍጣውን አስከትላችሁ ሙሉ፤ ራሱ ይቀላቀላል።

❌ የተቃጠለ ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ «ለማጠብ ነው» ተብሎ የሚጨመር ቤንዚን፦ ጭራሽ አይግቡ።

❌ አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለላኪዎች። ዘይቱንም ናፍጣውንም በጀሪካን አድርጋችሁ ከቡናው ጋር አትጫኑ። ጆንያ ሽታ ይጠጣል፣ ቡናም ይጠጣል። አንድ ጀሪካን ቢፈስ ፖምፓውን አድናችሁ ጭነቱን ቀማሽ ጠረጴዛ ላይ ልታጡት ትችላላችሁ። የከፋ የጫካ ቡና ስሙን ያገኘው በጣዕሙ ነው፤ የናፍጣ ሽታ ያለው ሲኒ በምንም ዋጋ አይሸጥም።

ባጭሩ፦ መጀመሪያ ንጹሕ ናፍጣ፣ ቀጥሎ ደረቅ በርሜል፣ ቀጥሎ ፊልትሮ። ዘይት ከመጣም አራተኛ ነው የሚመጣው።

መኪናችሁ በሰላም ይግባ። ለሹፌሮቻችሁና ለመፈልፈያ ጣቢያ ሠራተኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው፤ ናፍጣውን የሚቀዱት እነሱ ናቸው። 🙏